በቻይና መንገድ ላይ፦ ውለታ ሌላ፣ ደሞዝ ሌላ

ደብረ ታቦር ብርድ ናት። በክረምት ደግሞ ብርዱ ከጭጋግ ጋር ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከወዲያ በኩል ይቆማል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጉና ራሱን አይገልጥም። ጠዋት እንነሣና «ዛሬስ ይታይ ይሆን?» እንላለን፤ አይታይም። ማታ ማታ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይሰማል። የከባድ መኪና ድምፅ ነው። ከወረታ በኩል ዳገቱን የወጣ መኪና እያቃሰተ በከተማዋ ያልፋል።

እኛ በዚህ ክረምት ማንበብና መጻፍ የምናስተምር ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ክፍላችን ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ተማሪዎቻችን ጫኝና አውራጆች፣ የመኪና ረዳቶች፣ ሻይና ቡና የሚያፈሉ እናቶች ናቸው። ከነሱ መሐል አንዱ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ዕድሜው እንደኛ ነው። ፊደል የቆጠረው ዘንድሮ ነው። አሁን ታርጋ ያነባል፤ የሱቅ ስም ያነባል፤ በመኪና ኋላ የተጻፈውን ሁሉ ያነባል።

አንድ ማታ ከደብተሩ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እስቲ ይህን አብረን እናንብበው። ግማሹን ችያለሁ፤ ግማሹ አልገባኝም» አለን።

ወረቀቱ የእሱ አይደለም። የሹፌሩ የደሞዝ መክፈያ ቅጂ ነው። አንዱ ረድፍ «ደሞዝ» ይላል። ሌላው «ውሎ አበል» ይላል። ሦስተኛው «ተቀናሽ» ይላል። ረዳቱ ጣቱን በሦስተኛው ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ጠራው። «ተ፣ ቀ፣ ና፣ ሽ። ተቀናሽ። ምንድን ነው የሚቀነሰው?»

እኛም አላወቅንም። ጥያቄውን ይዘን ከሹፌሩ ጋር እስከ ነፋስ መውጫ ሄድን።

መጀመሪያ መንገዱን እናሳያችሁ። ከወረታ ተነሥቶ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰው ሁሉ «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ስለ ሠሩት ነው። በአንደኛው ጫፍ የፎገራ ሜዳ አለ። ሩዝ የሚበቅልበት አገር ነው። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብም አለ። ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር የሌለው ወደብ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበትና የሚጠበቅበት ግቢ ነው። ከወረታ ዓለም በርን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ ደብረ ታቦር ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ፍላቂት፣ ጋሸና እያሉ ወደ ወልድያ ነው። ሩዝና ስሚንቶ ወደ ላይ ይወጣል። የደጋው ድንች ወደ ታች ይወርዳል።

በዚህ አገር ከባድ ጭነት ማጓጓዝ የተጀመረው በመኪና አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በሹፌር ሒሳብ 70 ኩንታል ማለት ነው። ዛሬ አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና ይሸከመዋል። ያን ጊዜ ግን መኪናም የለ፣ መንገድም የለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀቁ። መንገድ እያስጠረጉ፣ መድፉን በብዙ መቶ ሰው እያስጎተቱ፣ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። አብረው የነበሩ ሰዎች እንደ ጻፉት ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው መንገዱን ይሠሩ ነበር። ጌታው ድንጋይ ሲያነሣ ያየ ሰው እንዴት ገመዱን አይስብም? ሆኖም በዚያው ወራት ከሠራዊቱ ብዙው እየከዳ ሄዷል። መድፉን የሠሩት አውሮፓውያንም የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነበር። ንጉሡ ሸለሟቸው፤ አከበሯቸው። «አገሬ ልሂድ» ማለት ግን አልሆነላቸውም። እስከ መቅደላ ድረስ ተወሰዱ።

ከመንገዳችን ወጣችሁ አትበሉን። የጌታው ደግነትና የሠራተኛው ድካም በዚህ ዳገት ላይ አብረው መጓዝ ከጀመሩ ቆይተዋል ለማለት ነው።

ወደ ሹፌሩ እንመለስ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው «ልጆቼ» ይሉናል። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ልጅ ነበሩ። እናታቸው ማታ ማታ ሊማሩ ሲሄዱ ቀሚሳቸውን ይዘው ይከተሉ ነበር። «እናቴ ሳትጨርስ ቀረች፤ እኔ ግን ያዝኩት» አሉን። ከዚያ ረዳት ሆኑ። ከዚያ ሹፌር። ለአሁኑ ባለንብረት 12 ዓመት ነድተዋል። ባለንብረት ማለት የመኪናው ባለቤት ነው።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። ጭነቱ ስሚንቶ ነው። ረዳቱ ሸራውን አለበሰ፤ ገመዱን ወጠረ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ጋቢናው ለሦስት ሰው ነው፤ እኛ አራት ሆንን። ትራፊክ ፖሊስ ይህን ቢያነብ ይቅር ይበለን።

ጋሳይን ስናልፍ ጭጋጉ ወረደ። ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚታይ የለም። ጋሼ መብራት አበሩና ማርሽ ቀነሱ።

«ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው የሚወረድ። ፍሬን ከጋለ አይዝም» አሉ። ይህን የተናገሩት ለረዳቱ ነው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። መቶ ጊዜ ሰምቶታል።

ጥቂት ዝም ብለን ሄድንና ወረቀቱን አነሣንባቸው። ጋሼ ረዳቱን ዞር ብለው አዩት።

«አንተ ነህ ያሳየሃቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማንበብ ችለሃል ማለት ነዋ!» አሉ። አልተቆጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መስከረም ከወረታ ሩዝ ጫኑ። ሲራገፍ አራት ኩንታል ጎደለ። ማን እንደ ወሰደው አልታወቀም። ባለንብረቱ ለባለጭነቱ ካሳ ከፈለ። ከዚያ የጥቅምትንና የኅዳርን ደሞዝ ከጋሼ ላይ ቆረጠ። ሁለቱንም ወር ሙሉ በሙሉ። ጋሼ በአበል ብቻ ኖሩ። ቤታቸው ደግሞ በብድር።

«ዝም አሉ?» አልናቸው።

«ምን ልበል? ስሙኝ ልጆቼ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ታቦር አፍ ላይ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። መኪናው ቆመ። ያ ሰው ሳልሠራ የሦስት ወር ደሞዝ ሰጥቶኛል። ልጄ የታመመች ጊዜ በሌሊት ተነሥቶ፣ በራሱ መኪና ባሕር ዳር አድርሶ አሳክሟታል። ዛሬ በሕይወት ያለችው በሱ ነው። እንዴት አድርጌ ፊቱ ቆሜ ‹ቆረጥክብኝ› ልበል? ውለታ ቢስ ልባል?»

እኛ ወጣቶች ነን። አፋችን ይቀድማል። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ብዝበዛ ነው!» አልን። ብዝበዛ ማለት የሰውን የላብ ዋጋ መውሰድ ማለት ነው ብለን ልናስረዳም ጀመርን።

ጋሼ ሳቁ። «ቃሉን ከናንተ በፊት ሰምቼዋለሁ። በኔ ልጅነት ሬድዮው ሌላ አያወራም ነበር። እናንተ መስከረም ሲጠባ ትምህርታችሁ ትገባላችሁ። እኔ እዚሁ መሪ ላይ ነኝ። ደሞስ እሱን ሰው በዝባዥ ካልኩት የልጄን ነገር ምን ልበለው?»

መልስ አልነበረንም። ብቻ አንዳችን፣ ላለመሸነፍ ያህል፣ «ግድ የለም ጋሼ፤ መብት አይሞትም፤ በፈለጉት ጊዜ ይጠይቁ» አልን። ይህችን ቃል ያዙልን። ኋላ አሳፍራናለች።

ነፋስ መውጫ ስሙ እንደሚለው ነው። ነፋስ አያጣም። ላይ ጋይንት ነው። መኪኖች ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ ሹፌሮች ሻይ ቤት ይገባሉ። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። ከቡናው ጋር ወሬው መጣ።

አንድ ወጣት የሲኖ ሹፌር ነበር። ሲኖን ታውቁት ይሆናል፤ አደጋው ሲበዛ ሰው «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት መኪና ነው። ይህ ወጣት «እኔ ለማንም አልታመንም፤ ከከፈለኝ እነዳለሁ፤ ካልከፈለኝ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ» አለ።

«ስንት ባለንብረት ቀየርክ?» አሉት ጋሼ።

«በአራት ዓመት አምስት።»

«ጨጨሆ ላይ ሌሊት ሞተር ቢነክስብህ ለማን ትደውላለህ?»

ወጣቱ ድንቹን አየ።

ሌላው ጎልማሳ ነው። የአጎቱን መኪና ይነዳል። «ለዘመድ መሥራት ክፉ ነው» አለ። «ደሞዝ ስጠይቅ ‹ቤተሰብ አይደለንም ወይ?› ይለኛል። ትርፉ ሲቆጠር ግን ቤተሰብ መሆኔ ይረሳል።» ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ወሬው ወደ መንገዱ ዞረ። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘግተዋል። ሹፌሮች ታግተዋል፤ ተገድለዋልም። ስለዚህ «ዛሬ ልሂድ ወይስ ልደር?» የሚለው ጥያቄ የነፍስ ጥያቄ ነው። ባለንብረቱ ምን ይላል? ብለን ጠየቅን። ሦስቱም በአንድ አፍ መለሱ።

«‹አንተ ታውቃለህ› ይላል።»

እንደገና ሳቁ። የዚህኛው ሳቅ ግን ደስ አይልም። «አንተ ታውቃለህ» መልካም ቃል ይመስላል። ማክበር ይመስላል። ባለንብረቱ «ሂድ» አላለም፤ «ቅር» አላለም። ሹፌሩ ከቀረ ባለንብረቱ የባንክ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል፤ ጭነቱ ቀን ከተቆጠረበት ኪሳራ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የተዋለለትንም ውለታ አይረሳም። ስለዚህ ይሄዳል። አንድ ነገር ቢደርስበት ግን «ሂድ» ያለው ሰው የለም። ክፉ ሰው ቢያዘው ኖሮ እምቢ ማለት በቀለለው ነበር።

ለባለንብረቱም ማድላት አለብን። አንድ ሁለት መኪና ያለው ሰው ሁልጊዜ ሀብታም አይደለም። ጎማ ውድ ነው፤ መለዋወጫ ውድ ነው፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ብድሩ አይቆምም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህ ሰው ሌሊት እንዴት ይተኛል? ሚሊዮን ብሮች የሚያወጣ መኪና፣ በላዩም የሰው ንብረት፣ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ በጭጋግ ውስጥ ነው። የሚተኛው ሹፌሩ ናፍጣ እንደማይሸጥበት፣ ፍሬኑን እንደማያግልበት፣ አደራ እንደማይበላበት ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ የጋሼ ታማኝነት ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚከፈል ነገር ነው። ውለታ የዋለው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ይህን ለጋሼ ስንላቸው «እሱስ ልክ ነው» ብለው ቡናቸውን ጨረሱ።

ደብረ ታቦር ስንመለስ ሕጉን ፈልገን አነበብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ረጅም ነው። እናንተም አንድ ቀን ታነቡታላችሁ። ለአሁኑ የጋሼን ወረቀት የሚነካውን ብቻ እንንገራችሁ።

ስለ ተቀናሹ። አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ እንደ ፈለገ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በወር ከደሞዙ ከሦስት እጅ አንዱን አያልፍም። ደሞዝ 3,000 ብር ቢሆን ከ1,000 ብር በላይ አይነካም። ጋሼ በጽሑፍ የተስማሙት ነገር የለም። የሁለት ወር ደሞዝ ሙሉውን መውሰድ ደግሞ በምንም መንገድ አይሆንም።

ስለ አበሉ። ይህ ብዙ ሹፌር የማያየው ነገር ነው። ውሎ አበል በሕጉ ደሞዝ አይደለም። ለመንገድ ወጪ የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ አንድ ሹፌር በወር 12,000 ብር ያገኛል እንበል። ወረቀቱ ላይ ግን ደሞዙ 3,000፣ አበሉ 9,000 ተብሎ ተጽፏል። በእጁ ሲገባ ያው 12,000 ነው፤ ደስ ይለዋል። ታሞ ሲተኛ ግን ልዩነቱ ይመጣል። ሕጉ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ግማሽ ደሞዝ ይላል። ሙሉው 3,000 ነው። ግማሹ 1,500 ነው። ጡረታም እንደዚሁ በደሞዙ ላይ ይታሰባል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። የ3,000 ብር 18 በመቶ 540 ብር ነው። የ12,000 ቢሆን 2,160 ብር ይሆን ነበር። ደብተር አውጡና ራሳችሁ አባዙት።

ስለ ሰዓቱ። መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው። በቀን ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን 1.75 እጥፍ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለ። ሹፌሮቹ ይህን ስንነግራቸው እንደ ተረት ነው የሰሙን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ግዴታ ነው፤ የነዳበትን ሰዓት መኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ ይመዘግባል። እዚያ ሹፌሩ «ደከመኝ» ለማለት አይሳቀቅም። መሣሪያው ይናገርለታል። የኛ አገር ሹፌር ግን ድካሙን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ደግሞ አይናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አዋጁ አሠሪ የደሞዝ መክፈያ መዝገብ መያዝ አለበት ይላል። ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን ማሳየትና በውስጡ ያለውን ማስረዳት አለበት። ይበልጥ የገረመን ሌላ ነው። ሠራተኛው ሳይቃወም ፈርሞ ቢቀበልም የቀረበትን ደሞዝ ተወው ማለት አይደለም ይላል። ይህን ስናነብ ዘለልን! ጋሼ ዝም ብለው ቢፈርሙም መብታቸው አለ ማለት ነው። መብት አይሞትም ብለን አልነበረም?

ገጾቹን እየገለጥን ወደ መጨረሻው ስንደርስ ሌላ አንቀጽ አገኘን። ደሞዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ የሚጠይቅ ሠራተኛ ክፍያው ሊከፈል ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ይርጋ ማለት የጊዜ ገደብ ነው። ጊዜው ካለፈ «ይህ ቀርቷል» ብሎ መቃወም ይቻላል።

በጣታችን ቆጠርን። የኅዳር ደሞዝ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ስድስት። የኛ ጉዞ ነሐሴ ላይ ነበር። መብቱ ጋሼ ዝም ባሉባቸው ወራት ውስጥ አልፏል። እኛ በጋቢና ውስጥ «በፈለጉት ጊዜ ይጠይቁ» ስንላቸው ጊዜው ካለቀ ቆይቶ ነበር። ሕግ ሳናነብ ሕግ አስተማርናቸው። መምህር መባላችን አሳፈረን።

ሄደን ነገርናቸው። ቤታቸው በር ላይ ቆመን «ጋሼ፣ ተሳስተናል» አልን። ዝም ብለው ሰሙን።

«እንግዲህ ሰውየው ካልፈቀደ አላገኝም በሉኛ!»

«በፈቃዱ ከሰጠ የሚከለክለው የለም። በክስ ግን…»

«ውለታውን ላለማጣት ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ከውለታው በቀር የቀረኝ የለም» አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

እኛ ደግሞ ክስ አላልናቸውም። ሄደው «መዝገቡን አስረዳኝ» እንዲሉ ብቻ ነገርናቸው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ክህደትም አይደለም። ወረቀት ማንበብ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ክፍላችን መጡ። ትምህርቱ እየተሰጠ ስለ ነበር ኋላ ቁጭ አሉ። ሲያልቅ ነገሩን። ባለንብረቱ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። «ማነው ይህን ያስተማረህ?» አለ። (የረዳቱን ስም ያልጻፍነው በዚህ ምክንያት ነው።) ጋሼ «ዐይኔ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ እኮ» አሉት። ከዚያ መዝገቡ ወጣ። ባለንብረቱ የኅዳሩን ግማሽ ለመስጠት ቃል ገባ። የጥቅምቱን «ተወው ጋሼ፤ እኔም ከስሬበታለሁ» አለ። ጋሼም ተዉት። ደሞዙን ከአበሉ ለይተን እንደገና እንጻፈው ወይ ሲባል ግን «መስከረም ላይ እናየዋለን» ተባለ። ይታይ እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ መስከረም ላይ እዚህ የለንም።

«ተኳረፋችሁ?» አልን።

«ቡና ጠጥተን ነው የተለያየን። ግን ቡናው እንደ ድሮው አልነበረም» አሉ ጋሼ።

ይኸን ጊዜ ረዳቱ ከጥግ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ የኔስ?» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካስ ይህን እኛም አላሰብነውም። ረዳቱን የሚከፍለው ባለንብረቱ አይደለም። ጋሼ ናቸው፤ ከአበላቸው ላይ። ሦስት ዓመት አብሯቸው ሲሠራ ወረቀት የለውም። የተወሰነ ደሞዝ የለውም። ሲኖር ይሰጡታል፤ ሳይኖር ያበሉታል። ማሽከርከር ያስተምሩታል። ሲታመም አስታመውታል። እሱም ከመኪናው ሥር በጭቃ ላይ ተኝቷል፤ ሌሊት ጭነት ላይ አድሮ ጠብቋል። በጥቅምትና በኅዳር፣ የጋሼ ደሞዝ በተቆረጠ ጊዜ፣ እሱ ምንም አልተሰጠውም። እሱም አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? አባቱ ናቸው።

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ፊታቸው ቀላ። የተቆጡ መስሎን ፈራን። ከዚያ «ደብተርህን አምጣ» አሉት።

ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጥቅምት ስንት ምልልስ ሄድን?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

«ስምንት ነው።»

«ዘጠኝ ነው ጋሼ። አንዱ ድንች የጫንነው ነው። በክምር ድንጋይ ጎማ የፈነዳብን ዕለት።»

«አዎ፤ ዘጠኝ ነው። ጻፍ።»

ረዳቱ እርሳሱን ላሰና ጻፈ። 9 ቁጥሩን ወደ ግራ አዙሮ ነበር፤ አጠፋና አስተካከለው። ከዚያ ወደ ኅዳር አለፉ።